ጉዳዩ፦ ቤቱ የእኔ አለመሆኑን ስለማሳወቅ

እኔ አስኮ ውስጥ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት አለኝ። የምኖረው ግን ቀራንዮ ነው፤ በአንዲት ክፍል፣ ከባሌና ከልጄ ጋር፣ ሽንት ቤቱን ከአራት ተከራዮች ጋር እየተጋፋሁ። አሁን "ይቺ ሴትዮ ጤናም የላት" ብላችሁ ልታልፉኝ ነው። ቆዩ እስቲ! ጤናስ አለኝ። የጎደለኝ ሌላ ነው፤ ምን እንደጎደለኝ ደግሞ ዐቃቤ ሕግ በአራት ገጽ ዘርዝሮ ጽፎልኛል።

መቼም ሰፈር ውስጥ መዋዋስ ያለ ነው። እኔ ወንፊት አውሼ አውቃለሁ፤ መሰላል አውሼ አውቃለሁ። የሐበሻ ቀሚሴን ለሠርግ አውሼ ወጥ ጠጥታ ስትመለስልኝ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። እሺ፣ ትንሽ ተንፍሻለሁ። ስም ግን አውሼ አላውቅም ነበር። ስም እንደ ወንፊት የሚዋስ ነገር መሆኑንም ያስተማረችኝ አበልጄ ናት።

አበልጄ ጥሩወርቅ ትባላለች። ልጄን ረድኤትን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሳቻት እሷ ናት። ያኔ ጦር ኃይሎች አካባቢ ልብስ ቤት ተቀጥራ ትሸጥ ነበር፤ እኔ ደግሞ እዚያው አጠገብ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ወረቀትና እስኪሪብቶ አድላለሁ። ዛሬም እዚያው አድላለሁ። እሷ ግን ወጣች። ቤት ትገዛለች፣ ታድሳለች፣ ትሸጣለች፣ ደግሞ ትገዛለች። እንዴት እንደምትሠራው ጠይቄያት አላውቅም። ሰው ሲያልፍለት እንዴት አለፈልህ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ? እንኳን ደስ ያለህ ነው የሚባለው።

አንድ ቅዳሜ ብርቱካን ይዛ መጣች። ሰው ብርቱካን ይዞ ቤታችሁ ከመጣ ወይ እናንተ ታማችኋል፣ ወይ እሱ የሚፈልገው ነገር አለ። እኔ ደህና ነበርኩ።

"አበልጄ፣ ላስቸግርሽ ነው" አለችኝ።

"ምን ልሁንልሽ?"

"ምንም አትሁኚ። ስምሽን ብቻ ነው የምፈልገው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የአስኮ ቤቷን ለእኔ ትሸጥልኛለች። "በምኔ ልገዛው?" ስላት ሳቀች። እኔ ባንክ ሄጄ የቤት መግዣ ብድር እጠይቃለሁ፤ ባንኩ ገንዘቡን ለሻጭ፣ ማለትም ለእሷ ይከፍላል፤ እሷ በገንዘቡ ሥራዋን ትሠራበታለች፤ የወር የወሩን እዳም በእኔ ስም እሷው ትከፍላለች። በዓመቱ ስሙን መልሰን እናዞረዋለን።

"ታዲያ በራስሽ ስም ለምን አትበደሪም?"

"የኔ ስም እኮ ባንክ ቤት ሞልቷል።"

ስም እንደሚሞላም ያን ቀን ተማርኩ። ከዚያ እጄን ይዛ ታሞግሰኝ ጀመር። ሃያ ዓመት አንድ ቦታ የሠራች፣ እዳ የሌለባት፣ ክስ የሌለባት፣ እንዳንቺ ያለ ንጹህ ስም በፋኖስ ቢፈለግ አይገኝም አለችኝ። መሥሪያ ቤቴ በሃያ ዓመት አንድ ቀን "ጎሽ" ብሎኝ አያውቅም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ደግሞ ሌላም ነገር አለ፤ እሱን ልደብቅ አልችልም። ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቤ በየወሩ ስቆጥብ ዓመታት አልፈዋል። ዕጣ ውስጥ ለመግባት ቁጠባ መቋረጥ የለበትም፤ እኔ ግን የረድኤት ትምህርት ቤት ክፍያ ሲጨምር ማቋረጥ ጀምሬ ነበር። ጥሩወርቅ ይህንን ታውቃለች። ብርቱካኑ ሥር ፖስታ አስቀምጣ "ለድካምሽ" ብላኝ ሄደች። ያንን ፖስታ ሰኞ ጠዋት ወስጄ የቁጠባዬን ጉድለት ሞላሁበት። አያችሁ ብልህነቴን? ቤት ለማግኘት ብዬ ቤት በስሜ አደረግሁ።

ባሌ አበራ ልብስ ሰፊ ነው። ቀራንዮ ገበያው አጠገብ፣ ቁም ሳጥን የምታህል ሱቅ ውስጥ አንድ ሲንጀር አለችው። ማታ ወረቀቶቹን ፊቱ ዘርግቼ "እዚህ ጋ ፈርም፣ ባልም መፈረም አለበት ብለዋል" አልኩት።

"ቤቱ የማን ነው?" አለ።

"የጥሩወርቅ ነው አልኩህ እኮ!"

"ታዲያ እኛ ምን አግብቶን ነው የምንፈርመው?"

"ስለ አበልጅነት! ደግሞ አንተ መቼ ነው ለሰው ቅን የምታስበው?" ብዬ ጮህኩበት። ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ ጎረቤት ሁሉ አብሮ ፈረመ ማለት ይቻላል። አበራ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየና ፈረመ፤ ከዚያ ዝም አለ። የአበራ ዝምታ መስማማት አይደለም። እኔ ግን እንደ መስማማት ነው የምቆጥረው፤ ይቀለኛል።

የእኔ ደመወዝ እንኳን ባለ ፎቅ ቤት፣ የፎቁን መወጣጫ አይገዛም። መፍትሔ ተገኘለት። ጥሩወርቅ የምታሠራው አንድ ጉዳይ ገዳይ አለ፤ አበራ የፈረመበትን ፋይል ቀደም ብሎ ሞልቶ ያመጣልኝ እሱ ነው። ከፍቼ ባነበው አበራ ባለ ፋብሪካ ሆኗል። "የልብስ ስፌት ኢንዱስትሪ፣ አሥራ አራት ቋሚ ሠራተኞች" ይላል፤ ማኅተም ሁሉ አለው። የአበራ ሲንጀር ቀበቶዋ በካልሲ ነው የታሰረችው። በሳቅ ፈነዳሁ፤ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏችኋል ይህ ነው።

ባንኩን በስም አልጠራውም። በስም የተነሳ ያገኘኝ ይበቃኛል። የባንኩ መሐንዲስ ቤቱን ገምቶ ባለ ሁለት ፎቅ፣ ሙሉ በሙሉ የተጠናቀቀ፣ ሦስት ባኞ ያለው ብሎ ጻፈ። በኋላ ሄጄ ሳየው ከምድር ቤቱ በላይ ፎቅ የተባለው አራት ምሰሶና ወደ ሰማይ የቆመ ፌሮ ነበር። ደረጃው ወጥቶ ወጥቶ አየር ላይ ያበቃል። በግምቱና በእውነተኛው ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት እነማን እንደበሉት እኔ አልጠየቅኩም፤ የበሉትም አልነገሩኝም።

የብድር ክፍሏ ልጅ ጠራችኝና "ቤቱን ምኑን ወደዱት?" አለችኝ። ቤቱን ያኔ ገና አላየሁትም።

"ለታክሲ ይቀርባል" አልኳት።

ሁለት ፎቅ የምትገዛ የባለ ፋብሪካ ሚስት ለታክሲ ቅርበት ስትደሰት ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ጻፈችው።

ቀጥሎ ደግሞ ገዢዋ ቤቱ ውስጥ መኖሯን ሊያይ ሰው ይመጣል ተባለ። ጥሩወርቅ አይሱዙ ልካ አልጋዬን፣ ቡፌዬን፣ ቴሌቪዥኔን ለአንድ ቀን አስኮ አስወሰደች። አበራንም ኮት አልብሼ ሶፋ ላይ ጎለትኩት። ሰውየው መጣ። "ወጥ ቤቱን ላሳይዎት" ብዬ በር ብከፍት ሲሚንቶ የተደረደረበት ክፍል ሆነ። ዘጋሁትና ሌላ በር ከፈትኩ፤ ዘበኛው ካልሲውን እያወለቀ ነበር። ሰውየው አይቶ እንዳላየ ፈርሞ ወጣ። እሱም ቤት ብርቱካን ሳይደርስ አልቀረም።

ጉዴ ግን የጀመረው አልጋዬ አይሱዙ ላይ ሲወጣ ነው። ያኔ ቀራንዮ የተከራየነው ሁለት ክፍል ነበር፤ አከራያችን እትዬ ዘነበች በረንዳ ላይ ቆመው ያያሉ።

"ልጄ፣ የት ልትሄጂ ነው?"

ምን ልበል? የባንክ ሰው ላታልል ነው ልበል? "እትዬ፣ አስኮ ቤት ገዝተን ነው" አልኳቸው። እልልታቸውን አቀለጡት! አቅፈው ሳሙኝ፣ መረቁኝ፣ በዚያው ነጠላቸውን ለብሰው ወሬውን ሊያደርሱ ወጡ። በማግሥቱ የእድር ዳኛው ጠርተውኝ "ግቢሽ ሰፊ ነው አሉ፤ የእድሩን ድንኳንና ወንበር እዚያ ብናኖረው?" አሉኝ። የሥራ ባልደረቦቼ "ቤት ምረቃው መቼ ነው?" እያሉ መግቢያ መውጫ አሳጡኝ፤ ባላስመርቅ ደግሞ ንፉግ ተባልኩ። ከሁሉ የከፋው ወሩ ሲያልቅ ነው። እትዬ ዘነበች ቀስ ብለው መጡና፣

"ልጄ፣ ፎቅሽን ለጅብ ጥለሽ የኔን ክፍል ለምን ታጣብቢያለሽ? የእህቴ ልጅ ከአገር ቤት መጥቷል፤ ይግባበት" አሉኝ።

"እትዬ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፤ ቤቱ ገና አላለቀም።"

"ያንቺ አላልቅ ያለው ቤት የኔን ልጅ ውጭ ያሳድረው?"

ዕቃዬን ሰበሰብኩ። የሰው ወርቅ አያደምቅ አሉ፤ የሰው ቤት ግን ከቤት ያስወጣል። አሁን ያለንባት አንድ ክፍል የመጣችው እንዲህ ነው። ረድኤት አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ልብስ በምትቀይርበት ሰዓት አባቷ ደጅ ወጥቶ የፍሳሽ ቱቦው ላይ ይቀመጣል።

ጥሩወርቅ ስምንት ወር በትክክል ከፈለች፤ አልዋሽባትም። በዘጠነኛው ወር አቆመች። "ውድ ደንበኛችን" የሚል ደብዳቤ በመሥሪያ ቤቴ አድራሻ መጣልኝ። ሁለተኛው ላይ "ውድ" የምትለዋ ጠፋች። በሦስተኛው ደንበኛም መሆኔ ቀረ፤ "ተበዳሪዋ" ብቻ ሆንኩ። ስደውልላት "አበልጄ፣ ገበያው ቀዝቅዞ ነው፤ ይስተካከላል፤ አትጨነቂብኝ" ትላለች። እኔም አልጨነቅባትም። ለብቻዬ እጨነቃለሁ።

በዚህ መሐል የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣ። የንብረት ክፍሉ አለቃ ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣና "ስምሽ! ስምሽ!" አለኝ። እኔ "ስምሽ" ሲሉኝ ያኔ የሚታየኝ ፖሊስ ነው። ለካ ደርሶኛል! ባለ አንድ መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ። እናንተ፣ ያን ቀን የተሰማኝን በምን ልንገራችሁ? ቢሮው ውስጥ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አበራ ሱቁን በእኩለ ቀን ዘግቶ መጣ። ረድኤት ማታ መጋረጃዋ ምን ዓይነት እንደሚሆን ስታወራ አመሸች። ለእሷ ክፍል እንደማይኖራት፣ አንድ መኝታ ብቻ እንደሆነ ነገርኳት። "ሳሎኑ ውስጥ መጋረጃ እጋርዳለሁ" አለች። መጋረጃውን አባቷ ሊሰፋላት ለካው።

ውል ልንዋዋል ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሄድን። መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ።

"እናቴ፣ በስምዎ ቤት አለ።"

"የኔ አይደለም።"

"አስኮ፣ ባለ ሁለት ፎቅ።"

"ፎቅም የለው፤ ምሰሶ ነው። ደግሞ የኔ አይደለም።"

"ካርታው በእርስዎ ስም ነው።"

"በስሜ ነው፤ የኔ ግን አይደለም።"

"እናቴ፣ እኛ የምናየው ስም ነው። በከተማው ውስጥ ቤት ያለው ሰው ኮንዶሚኒየም አይሰጠውም። ለተጠባባቂ ይተላለፋል። ቅሬታ ካለዎት በአሥር ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያቅርቡ።"

አሁን ወደ ሞኝነቴ ጫፍ ደረስን። እስካሁን የሰማችሁት መንደርደሪያው ነው።

ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ዣንጥላ ሥር የሚቀመጡ አንድ ራፖር ጸሐፊ አሉ። መነጽራቸው በክር የታሰረ፣ እጅ ጽሑፋቸው የሚያምር ሽማግሌ ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ከብርቱካኑ ጀምሬ። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

"እውነትሽን ነው?"

"በልጄ!"

"እንግዲያማ እውነት ከያዝሽ ምን ትፈሪያለሽ? እንጻፈው።"

"ጉዳዩ፦ ቤቱ የእኔ አለመሆኑን ስለማሳወቅ" ብለው ጀመሩ። እንዴት ያለ ደብዳቤ መሰላችሁ! ቤቱን ያልገዛሁ መሆኔን፣ ለአበልጄ ስሜን ብቻ ያዋስኩ መሆኔን፣ ከብድሩ ገንዘብ አንዲት ሳንቲም ያልተጠቀምኩ መሆኔን፣ ባሌም ፋብሪካ የሌለው ምስኪን ልብስ ሰፊ መሆኑን አንድ በአንድ ዘረዘሩት። ሲያነቡልኝ ለራሴ አዘንኩ። ከዚያ ፈረምኩ።

"ግልባጭ ለማን ይሁን?" አሉኝ።

"ግልባጭ ያስፈልጋል እንዴ?"

"ልጄ፣ ግልባጭ የሌለው ማመልከቻ ማንን ያስፈራል? መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው። ሌላ ቦታ መድረሱን ሲያዩ ነው የሚሠሩት።"

እውነታቸውን ነው። እኔ ራሴ ሃያ ዓመት ቢሮ ስሠራ ግልባጭ የሌለውን ደብዳቤ አቆይቼ፣ ግልባጭ ያለውን ነው የማስቀድመው። "ይሁን፤ በርከት አድርገው ይጻፉት" አልኳቸው። ለክፍለ ከተማው ጻፉ። ቀጥሎ "ለባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት" ብለው ጻፉ፤ ቤቱ የኔ እንዳልሆነ እነሱም ይወቁት ብለን ነው። በመጨረሻ "ለፖሊስ ወንጀል ምርመራ" ብለው ጻፉ።

"ፖሊስ ደግሞ ለምን?"

"ለክብደት" አሉኝ።

ወገኖቼ፣ እያንዳንዱን ግልባጭ በእጄ ነው ያደረስኩት። በፖስታ ልኬው ቢሆን እንኳ አንዱ በጠፋ ነበር! በሦስቱም ቦታ መዝገብ ቤት አስገብቼ፣ ቁጥር አስሰጥቼ፣ በቀሪው ላይ "ደርሶናል" የሚል ማኅተም አስመትቼ ነው የተመለስኩት። ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ያለው ጥበቃ ጎንበስ ብሎ አሳለፈኝ። ማታ ማኅተሞቹን ለአበራ አሳየሁት። አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ጠቆረ፤ ምንም አላለም። እኔም ተስማማ ብዬ ተኛሁ።

በሳምንቱ መርማሪዋ ጠራችኝ። ረጋ ያለች፣ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ ሳጅን ናት። ወንበር ሰጠችኝ፣ ውኃም አስመጣችልኝ።

"ይህ የእርስዎ ፊርማ ነው?"

"አዎ፣ የኔ ነው።"

"ማንም አላስገደደዎትም?"

"ኧረ ማን ያስገድደኛል! ከፍዬ ነው ያስጻፍኩት።"

"እዚህ ላይ ቤቱን እንዳልገዙ፣ ስም ብቻ እንዳዋሱ፣ የባለቤትዎ ፋብሪካ የሚባል ነገር እንደሌለ ጽፈዋል።"

"እሱን እኮ ነው የምላችሁ!"

"ባንኩ ላይ ደግሞ ቤቱን እንደገዙ፣ ፋብሪካም እንዳለ ፈርመዋል።" ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠችልኝ። "እኛ ይህንን ለማጣራት ብዙ ወር ይፈጅብን ነበር። ግልባጩን ስላደረሱን እናመሰግናለን።"

ውኃውን ጠጣሁት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ስሰማ ነው ያደግኩት፤ ሁለቱ የተገናኙበትን ቀን ግን ገና ያኔ አየሁት።

ክሱ በማታለልና በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል ሆነ። አንደኛ ተከሳሽ እኔ፣ ሁለተኛ ተከሳሽ አበራ። ጉዳይ ገዳዩ ስልኩን አጥፍቶ ጠፋ። መሐንዲሱ ሥራ ለቋል። ጥሩወርቅስ? ጥሩወርቅ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆና ተቆጠረች! ወረቀት ላይ እሷ ምን አጠፋች? ቤት ነበራት፣ ሸጠች፣ ዋጋዋን ተቀበለች። ስለ ደመወዝ የዋሸነው እኛ፣ እኖርበታለሁ ያልኩት እኔ። ስምንቱን ወር የከፈለችውንም "አበልጄ ስለሆነች ቸግሯት ስትለምነኝ ረድቻታለሁ" ብላ ቃል ሰጥታበታለች። አይ ጥሩወርቅ! ደግነቷ እንኳ በመዝገብ ገባላት።

መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ አቆመልን፤ ልጅ እግር ናት፣ ግን ብርቱ። "እናቴ፣ ነገሩ ሁሉ አንዲት ቃል ላይ ነው ያለው፤ 'እያወቁ' የምትለዋ። ማመልከቻው 'አዋስኩ' ይላል እንጂ ወንጀል መሆኑን 'አውቄ' አይልም። ሲጠየቁ አላውቅም ነበር ይበሉ" አለችኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ልብስ ሳጥብ፣ ሽንኩርት ስልጥ "አላውቅም ነበር" እያልኩ ተለማመድኩ። አፌ ላይ ልክክ አለ።

ቀኑ ደረሰና ቆምን። ዳኛዋ ክሱን አስነበቡና ወደ እኔ ዞሩ።

"አንደኛ ተከሳሽ፣ ድርጊቱን ፈጽመዋል?"

አጠገቤ አበራ ቆሟል። ኮቱን ተኩሶ ለብሷል፤ ያንኑ አስኮ ሶፋ ላይ የጎለትኩት ቀን የለበሰውን። ድንገት አንድ ነገር ታየኝ። ፋብሪካው የተጻፈው በአበራ ስም ነው። እኔ አላውቅም ነበር ካልኩ የሚያውቀው ማን ሊሆን ነው? ስለ አሥራ አራቱ ሠራተኞች ማን ነው የሚጠየቀው? "የማን ነው?" ብሎ የጠየቀው እሱ ብቻ ነው፤ አፉን ያስያዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ጠበቃዋ ከኋላ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"አውቅ ነበር" አልኩ። "ክብርት ዳኛ፣ ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር። አንብቤ ስቄበታለሁ። ገንዘብም ተቀብያለሁ፤ ማመልከቻዬ ላይ ያልጻፍኩት እሱን ነው። ባሌ ግን አያውቅም። ወረቀቱን አላነበበም። ጮኼበት ነው የፈረመው።"

ጠበቃዋ ተቀመጠች። ዳኛዋ ጻፉ። እኔ ቀለል አለኝ፤ እውነት ከተናገሩ በኋላ እንደሚለው ዓይነት። በሕይወቴ አንድ ጥሩ ነገር ሠራሁ አልኩ። ለካ ጎኔ ያለው ሰውዬ እጁን አውጥቷል።

"ሁለተኛ ተከሳሽ፣ ተራዎን ይጠብቁ።"

"ክብርት ዳኛ፣ ለማረም ነው" አለ አበራ። "ወረቀቱን አንብቤዋለሁ። አሥራ አራት ሠራተኛ ይላል። እኔ ሠራተኛ የለኝም።"

"አያውቅም! ክብርት ዳኛ፣ አያውቅም!" አልኩ።

"አንብቤ ነው የፈረምኩት" አለ፣ ድምፁን ሳይጨምር። "እሷ ብቻዋን እንድትገባ አልፈልግም።"

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። ዳኛዋ ቀና ብለው አዩት። የሁለታችንም ቃል ተመዘገበ፤ ስላመንን ምስክር መስማት አያስፈልግም ተባለ፤ ለቅጣት ውሳኔ ተቀጠረ። ጠበቃዋ ኮሪደር ላይ ደርሳብን ጥፋታችሁን በማመናችሁ ምናልባት በገደብ ይለቋችኋል፣ ምናልባት ደግሞ ሁለታችሁንም ያስሯችኋል፣ ምንም ማለት አልችልም አለችን። ኮንዶሚኒየሙ ለተጠባባቂ ተላልፏል፤ ስለ እሱ አላነሳችም፣ እኛም አልጠየቅናትም።

ውጭ እንደወጣን አበራ ላይ ወረድኩበት። አንተ ሰው፣ ምን ነክቶህ ነው? እኔ ገብቼ እወጣው አልነበር? ልጅቷ አባት እንዲቀርላት ብዬ እኮ ነው! አሁን ሁለታችንንም ቢያስገቡን ማን ጋ ነው የምትቀረው? እናቴ አርፋለች፣ እናትህ አርፈዋል፣ እኔ እህት የለኝም፣ አንተ ወንድም የለህም። ማን ጋ? ንገረኛ! የተናደድኩትን ያህል ላቅፈውም ፈልጌ ነበር። ሰው ስላለ ተውኩት።

ይህን ስንባባል መኪናዋ አጠገባችን ቆመች። ጥሩወርቅ ለምስክርነት ተጠርታ መጥታ ሳትፈለግ ቀርታ ነው። ወረደችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ጉንጬን ሳመችኝ፤ ፊቷ በእንባ ርሷል። የማስመሰል እንባ ቢሆን በወደድኩ። ከአሥራ አራት ዓመት በላይ አውቃታለሁ፤ ከልቧ ነበር የምታለቅሰው።

"አበልጄ፣ የመጣ ቢመጣ ስለ ረድኤት እንዳታስቢ" አለችኝ። "እኔ እያለሁ ልጄ ሜዳ ላይ አትወድቅም። ክርስትና ያነሳኋት ለእንዲህ ያለ ቀን አይደል? ለብቻዋ ክፍል አዘጋጅላታለሁ።"

አበራን አየሁት። መሬት መሬቱን ያያል። ስንት ስድብ ጉሮሮዬ ላይ ተሰልፎ ነበር መሰላችሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩት። ልጄን አደራ የምሰጠው ሌላ ሰው ግን የለኝም።

"እግዜር ይስጥሽ" አልኳት።